የባለሙያ ምላሽ፦ አንዱ መምህር «ሬስ የለም» ይላል፣ ሌላዋ «አለ» ትላለች፤ ማንን ልመን?

ጥያቄው፦ «ሰላም ዶክተር። ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ እማራለሁ። የባዮሎጂ መምህራችን በሰው ልጅ ውስጥ ሬስ የሚባል ነገር የለም አለን። የሶሲዮሎጂ መምህርታችን ደግሞ ሬስ የሰውን ኑሮና ጤና ይወስናል ትላለች። ቤት ስገባ የእናቴን የ2018 የኩላሊት ምርመራ አገኘሁ። ውጤቱ በሁለት መስመር ተጽፏል፤ አንዱ ‹አፍሪካን አሜሪካን ከሆኑ›፣ ሌላው ‹ካልሆኑ› ይላል። ቁጥሮቹ ይለያያሉ። ወንድሜ ቁሉምሳ የስንዴ ምርምር ላይ ነው የሚሠራው። እሱም ሥራችን ሬስ መለየት ነው ይለኛል። ማንን ልመን? የእናቴስ ቁጥር የትኛው ነው?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነበው አራቱ የተጣሉ ይመስላሉ። እኔ ግን አልተጣሉም ባይ ነኝ። አንድ ቃል ይዘው አራት የተለያዩ ጥያቄዎችን እየመለሱ ነው። ከአራቱ ተሳስቷል የምለው የእናትሽን ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ። «ዘር» ስንል እህሉም፣ የቤተሰብ ሐረጉም፣ ብሔሩም ስለሚቀላቀልብን «ሬስ» የሚለውን እንዳለ ልጠቀምበት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኩላሊት ምን ያህል እያጣራ እንደሆነ በቀጥታ መለካት ይቻላል። ግን ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። ስለዚህ ላብራቶሪው በደም ውስጥ ያለውን ክሪያቲኒን ይለካል፣ ዕድሜና ጾታ ይጨምራል፣ ከዚያ በቀመር ይገምታል፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ኩላሊቱ ደክሟል ማለት ነው። ክሪያቲኒን በአብዛኛው ከጡንቻ የሚመጣ ቆሻሻ ነው። ከ1999ኙ ጥናት ቀለል ተደርጎ የተሠራው ኤምዲአርዲ የሚባለው ቀመር አንድ ነገር ጨመረበት። ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱ በ1.21 ይባዛል። በ2009 የመጣው ተተኪ ቀመር ማባዣውን ወደ 1.159 ዝቅ አደረገው እንጂ አላወጣውም።

ምክንያት አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ጥናቱ ውስጥ የነበሩት ጥቁር አሜሪካውያን፣ ኩላሊታቸው ከሌላው እኩል እያጣራ፣ ክሪያቲኒናቸው በአማካይ ከፍ ያለ ነበር። ይህ የተለካ ነገር ነው። የተሰጠው ማብራሪያ «ጡንቻቸው ስለሚበዛ ነው» የሚል ነበር። ቀመሩ ግን የታካሚውን ጡንቻ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሬሱን ነው። አንዲት ቀጭን የሰባ ዓመት የጎንደር ሴትና አንድ ግዙፍ የሂዩስተን ስፖርተኛ በአንድ ማባዣ ይባዛሉ። ማባዣው የወጣው ከአሜሪካ ታካሚዎች ነው። በደቡብ አፍሪካና በኮንጎ ሲሞከር እዚያ እንደማይሠራ ታይቷል። «ጥቁር» የሚለው ቃል አንድ ስለሆነ ብቻ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው መሻገር የለበትም ነበር።

ጉዳቱ በወረቀት የቀረ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ዳያሊሲስ ላልጀመረ ሰው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ወረፋ ጊዜው መቆጠር የሚጀምረው ቁጥሩ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ጥሬ ውጤቱ 18 የሆነ ሰው ይቆጠርለታል። ያው 18 በ1.21 ሲባዛ 22 ሊሆን ምንም አይቀረው። ጥቁር ተብሎ የተመዘገበው ሰው፣ በዚያው ደም፣ በዚያው ቀን፣ ወረፋው አይጀምርለትም። ኩላሊቱ እየደከመ «ገና ደህና ነህ» ይባላል። ይህ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየ ነገር ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

በ2021 የብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽንና የአሜሪካ የኔፍሮሎጂ ማኅበር የጋራ ግብረ ኃይል ሬስ የሌለበት አዲስ ቀመር ሥራ ላይ እንዲውል አሳሰበ። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ደግሞ የንቅለ ተከላ ማዕከላት በድሮው ቀመር የዘገዩ ጥቁር ታካሚዎችን ፈልገው የጠፋባቸውን የወረፋ ጊዜ እንዲያስመልሱላቸው ታዘዙ። የእናትሽ ትክክለኛ ቁጥር እንግዲህ ከሁለቱ መስመሮች አንዱም አይደለም። የ2021ዱ ቀመር ውጤት ብዙ ጊዜ ከሁለቱ መሃል ይወድቃል። ደግሞም የ2018 ወረቀት አርጅቷል። አዲስ ምርመራ ታድርግ፤ ሐኪሟ ከተጠራጠረ ሲስታቲን ሲ የሚባለውን የደም ምርመራ ይጨምርላት። እሱ በጡንቻ መጠን ብዙም አይዛነፍም።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልሂድ። ከአራቱ ሬስን በጣም በጠራ መንገድ የሚጠቀመው እሱ ነው። የስንዴ ግንድ ዋግ ፈንገስ ነው። ተመራማሪው ከማሳ የተሰበሰበውን ዋግ ወስዶ 20 መለያ የስንዴ ዓይነቶች ቡቃያ ላይ ይነፋዋል። እነዚህ ስንዴዎች የታወቀ የመከላከያ ጂን ያላቸው ናቸው። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ የትኛውን እንዳጠቃ፣ የትኛው እንደመከተው ያያል። 20ዎቹ በአራት በአራት ይመደባሉ፤ እያንዳንዱ ምድብ አንድ ፊደል ይሰጣል። ስለዚህ የሬሱ ስም አምስት ፊደል ይሆናል። በ1998 ዩጋንዳ ውስጥ የተገኘውና ዩጂ99 የተባለው፣ በፊደል ስሙ ቲቲኬኤስኬ ነው። አምቦ ያለው ላብራቶሪና ሚኒሶታ ያለው ላብራቶሪ ያንኑ ናሙና ቢመረምሩ ያንኑ አምስት ፊደል ማግኘት አለባቸው። ካላገኙ አንዱ ተሳስቷል።

ይህ ለአርሲና ለባሌ ገበሬ ተራ ጉዳይ አይደለም። በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የሚባለውን ስንዴ ሲመታው ብዙ ገበሬ ዲገሉ ወደሚባለው የስንዴ ዓይነት ዞረ። ዲገሉ ቢጫ ዋግንም ዩጂ99ንም የሚመክት ነበር። ከዚያ በ2013 እና በ2014 መሃል ሌላ የግንድ ዋግ ሬስ መጣ፤ ቲኬቲቲኤፍ። ይህኛው የዲገሉን መከላከያ አለፈው። ያልታጨደ ማሳ ቀረ። እዚህ ላይ ሬስ ማለት «የትኛውን መከላከያ ይሰብራል?» ለሚለው መልስ ነው። የዋጉ መልክም፣ የመጣበት አገርም አይደለም። ጥያቄው አንድ ነው፣ ፈተናው ይታወቃል።

የባዮሎጂ መምህርሽ «የለም» ሲል እንዲህ ያለ የጠራ ፈተና ለሰው ልጅ አልተገኘም ማለቱ ነው። በእንስሳት ጥናት ሬስ ብዙ ጊዜ «ንዑስ ዝርያ» ከሚለው ጋር አንድ ሆኖ ያገለግላል። ቺምፓንዚዎች አራት ንዑስ ዝርያ አላቸው ይባላል። በሰው ላይስ? በ1972 ሪቻርድ ሌዎንቲን የደም ዓይነትና የፕሮቲን ልዩነት የሚያሳዩ 17 ጂኖችን ይዞ አሰላው። በሰዎች መካከል ካለው የዘረመል ልዩነት 85% ገደማው የሚገኘው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል ነው። ወደ 8% የሚሆነው አንድ «ሬስ» በሚባለው ውስጥ ባሉ ሕዝቦች መካከል ነው። በትልልቆቹ «ሬሶች» መካከል የቀረው 6% ገደማ ብቻ ነው።

ይህ ውጤት ደጋግሞ ተፈትሿል፣ በአብዛኛው ቆሟል። ግን አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ መምህርሽ ጊዜ አጥቶ ዘልሎት ይሆናል። በ2002 ሌላ ቡድን ከ52 ሕዝቦች የተወጣጡ 1,056 ሰዎችን በ377 የዲኤንኤ ነጥቦች አየ። ኮምፒውተሩን «በአምስት ክፈላቸው» ሲሉት ከአህጉሮች ጋር የሚመሳሰል ክፍፍል ሰጠ። አንዳንድ ሰው ይህን ይዞ «ይኸው፣ ሬስ አለ» አለ። ኮምፒውተሩን «በስድስት ክፈል» ሲሉት ደግሞ ስድስተኛው ቡድን በፓኪስታን ተራሮች የሚኖሩት ጥቂቶቹ የካላሽ ሰዎች ሆኑ። ስንት ቦታ ትክፈል ብለሽ የምታዢው አንቺ ነሽ። ያ ጥናት ራሱ ከ93 እስከ 95% የሚሆነው ልዩነት በየሕዝቡ ውስጥ ነው ብሏል።

ደግሞ በዚያ ናሙና ውስጥ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰልሽ። ናይጄሪያንና ፈረንሳይን ብቻ ብታወዳድሪ መሃሉ ገደል ይመስላል። ከናይል እስከ ቀይ ባሕር ማዶ ያሉትን ስትጨምሪ ገደሉ ቁልቁለት ይሆናል። በ2012 የታተመ ጥናት የብዙ ኢትዮጵያውያን ዘረመል ከፊሉ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከአፍሪካ ውጭ ከመጡ ሰዎች ጋር ከተደረገ ቅልቅል እንደሚመጣ አሳየ። በ2015 ደግሞ በጋሞ ደጋ ሞጣ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ሰው ዘረመል ተነበበ፤ እሱ ላይ ያ ቅልቅል አልነበረም። ከእሱ በኋላ የመጣ ነው ማለት ነው። በ2017 በኢትዮጵያ፣ በታንዛኒያና በቦትስዋና የተደረገው የቆዳ ቀለም ጥናትም ተመሳሳይ ነገር ነገረን። ቆዳን የሚያቀላ አንድ የዘረመል ዓይነት በአውሮፓ የታወቀ ነው፤ ያው ዓይነት ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥም በብዛት ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። አንዳንድ ወገኖቻችን ይህን ጥናት ይዘው «እኛ እኮ ጥቁር አይደለንም» ይላሉ። ጥናቱ እንዲህ አይልም። ድንበር የለም ነው የሚለው። ድንበር የለም የሚልን ጥናት አዲስ ድንበር ማስመሪያ ማድረግ ማዛባት ነው። የሚያስከትለውንም ጉዳት ከታሪክ ብቻ ማየት ይበቃል።

ታሪኩን ላሳጥረው። በ1684 ፍራንሷ በርኒየ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪምና ተጓዥ የዓለምን ሰዎች በመልክ ከፋፍሎ ጻፈ። በ1735 ስዊድናዊው ሊኔየስ በአራት መደባቸው። በ1795 ጀርመናዊው ብሉመንባኽ አምስት አደረጋቸው። ዛሬም ፎርም ላይ የምናየውን «ኮኬዢያን» በሰፊው እንዲታወቅ ያደረገው እሱ ነው። ጥቁር አፍሪካውያንን በሙሉ የጠራበት ስም ደግሞ «ኢትዮጵያዊ» ነበር። ለፍትሕ ሲባል መነገር ያለበት፣ ብሉመንባኽ ራሱ ቡድኖቹ ሳይታወቁ አንዱ በሌላው ውስጥ እንደሚገቡ ጽፏል፤ አፍሪካውያን በአእምሮ ያንሳሉ የሚሉትንም ተቃውሟል። ስሞቹ ግን ከማስጠንቀቂያው ተለይተው ተሰራጩ።

ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። አንትሮፖሎጂ ሌላ ነገር ይዞ መጣ፤ «ሃሚቲክ» የሚባል ሬስ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሴሊግማን በ1930 በአፍሪካ የታየው ሥልጣኔ በአብዛኛው የእነዚህ «ሃሚቲኮች» ሥራ ነው፣ እነሱም የኮኬዢያን ቅርንጫፍ ናቸው አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚህ ውስጥ ተመደቡ። እንግዲህ ተመልከቺ፤ በ1795 የጥቁር ሕዝብ ሁሉ መጠሪያ የነበረው ሕዝብ በ1930 ከጥቁርነት ወጥቶ ሌላ ሳጥን ውስጥ ገባ። ሰዎቹ ያው ናቸው። የተለወጠው መዳቢው የፈለገው ነገር ነው። አፍሪካዊ ሐውልት ሲሠራ፣ መንግሥት ሲያቆም ማየት ያስቸገረው ሰው፣ ሠሪውን ከአፍሪካዊነት ማውጣት ቀለለው።

ይህ ሐሳብ ሰው ገድሏል። ተጓዡ ጆን ሃኒንግ ስፒክ በ1863 በታላላቅ ሐይቆች አካባቢ ያሉ ገዥዎች ከኢትዮጵያ በኩል የመጡ ናቸው ብሎ ጽፎ ነበር። በኋላ የሩዋንዳ ቱትሲዎች «ሃሚቲክ» ተባሉ። የቤልጂየም አስተዳደር በ1930ዎቹ ሁቱና ቱትሲ የሚል መታወቂያ አደለ። በኖቬምበር 1992 ፖለቲከኛው ሌኦን ሙጌሴራ በአደባባይ ቆሞ ቱትሲዎችን በኛባሮንጎ ወንዝ ወደ ኢትዮጵያ እንመልሳቸዋለን የሚል ንግግር አደረገ። በ1994 ቱትሲዎች ሲጨፈጨፉ አስከሬኖች በእርግጥ በዚያ ወንዝ ወረዱ፤ ቪክቶሪያ ሐይቅ ድረስ ደረሱ። አገራችን ስሟ በዚያ ንግግር ውስጥ አለ። ብዙዎቻችን አናውቀውም፤ ማወቅ ግን ይገባናል።

ከዚያ ጉዳዩ የሕግ ሰዎች እጅ ገባ። እነሱ ደግሞ ሬስን በሌላ ዓይን ነው የሚያዩት። የ1948ቱ የዘር ማጥፋት ስምምነት አራት ዓይነት ቡድኖችን ይጠብቃል፤ ብሔራዊ፣ የብሔረሰብ፣ የሬስና የሃይማኖት። አሩሻ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ1998 በሩዋንዳው ከንቲባ በአካዬሱ ጉዳይ ለእያንዳንዱ ትርጉም መስጠት ነበረበት። የሬስ ቡድን የሚለየው በሚወረስ አካላዊ መልክ ነው፣ መልኩም ብዙ ጊዜ ከአንድ አካባቢ ጋር ይያያዛል አለ። የብሔረሰብ ቡድን ደግሞ በጋራ ቋንቋ ወይም ባህል ይለያል አለ። ችግሩ ቱትሲና ሁቱ ቋንቋቸው አንድ ነው፤ ኪንያርዋንዳ። ዳኞቹ ምን አደረጉ? መታወቂያውን አዩ፣ ሕጎቹን አዩ፣ ምስክሮቹ ራሳቸውን ማን ብለው እንደሚጠሩ ሰሙ። ከዚያ ቱትሲዎች የተረጋጋና ቋሚ ቡድን ናቸው፣ ስምምነቱ ይጠብቃቸዋል ብለው ፈረዱ። ለፍርድ ቤቱ ዋናው ነገር ቡድኑ በኅብረተሰቡ ዘንድ እንዴት ተለይቶ ይታወቅ እንደነበር ነው። የዘረመል ምርመራ ያዘዘ ዳኛ አልነበረም። ልክም ነበሩ።

ሕግ ሁልጊዜ እንዲህ ለተጎጂው አይቆምም። አሜሪካ በ1790 ባወጣችው ሕግ ዜግነት ማግኘት የሚችለው መጤ «ነፃ ነጭ ሰው» ብቻ ነበር። በ1870 የአፍሪካ ተወላጆች ተጨመሩ፤ ሌላው ውጭ ቀረ። በኖቬምበር 1922 ታካኦ ኦዛዋ የተባለ ጃፓናዊ ጉዳይ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተወሰነ። ፍርድ ቤቱ ነጭነት በቆዳ ቅላት አይለካም፣ ነጭ ማለት ኮኬዢያን ነው ብሎ መለሰው። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1923፣ ባጋት ሲንግ ቲንድ የተባለ የፑንጃብ ሰው ጉዳይ ተወሰነ። አንትሮፖሎጂስቶች የሰሜን ሕንድ ሰዎችን ኮኬዢያን ይሏቸው ነበር። ስለዚህ በኦዛዋ ውሳኔ መሠረት ማለፍ ነበረበት። ያው ፍርድ ቤት አሁን ሳይንሱን ወደ ጎን አለ፤ ነጭ ማለት ተራው ሰው ነጭ የሚለው ነው ብሎ ከለከለው። ሁለቱ ውሳኔዎች ጎን ለጎን ሲነበቡ የሚታየው በሩ እንዲዘጋ አስቀድሞ መወሰኑ ነው። ለመዝጋት የሚመቸው ትርጉም እየተመረጠ ነው የተሰጠው።

ዛሬ የብዙ አገር ሕግ ሬስን ሰፋ አድርጎ ይይዛል፤ መድልዎን መከልከል ስለሚፈልግ። የእንግሊዝ የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ሬስ ሲል ቀለምን፣ ዜግነትን፣ ብሔራዊና የብሔረሰብ መነሻን ያካትታል። ለንደን ያለ ወገናችን በኢትዮጵያዊነቱ ቢገፋ፣ ገፊውም ጥቁር ቢሆን እንኳ፣ በሕጉ የሬስ መድልዎ ነው።

የሕዝብ ቆጠራ ሰዎች ደግሞ ሳይንስ እንሠራለን አይሉም፤ ሳጥን እናዘጋጃለን ነው የሚሉት። በ1890 የአሜሪካ ቆጠራ የጥቁር ደም አንድ አራተኛ ላለው ለብቻ፣ አንድ ስምንተኛ ላለው ለብቻ ስም ነበረው። በ1930 «ሜክሲካዊ» ሬስ ሆነ፣ በሚቀጥለው ቆጠራ ቀረ። የሕንድ ተወላጆች በ1970 ነጭ ተብለው ተቆጠሩ፣ በ1980 እስያዊ ሆኑ። በ1997ቱ ደንብ ግብፃዊ ነጭ ነበር፤ ደንቡ በ2024 ተለወጠ። የ2020 ቆጠራ ፎርም ላይ «ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን» ከሚለው ሥር እንደ ምሳሌ ከተዘረዘሩት ውስጥ «ኢትዮጵያዊ» የሚል አለ። ብሔርሽን ወይም አገርሽን እዚያ መጻፍ ትችያለሽ። እንድትጽፊም እመክራለሁ፤ ለምን እንደሆነ ከታች ታገኚዋለሽ።

የሶሲዮሎጂ መምህርትሽ የምትለካው ሰዎች አንቺን አይተው የት እንደሚመድቡሽ፣ ከምደባው በኋላም ምን እንደሚከተል ነው። ለእሷ ሬስ በደም ውስጥ ባይኖርም በሰፈር፣ በደሞዝና በፖሊስ ፍተሻ ውስጥ አለ። እዚያ ያለ ነገር ደግሞ ሰውነት ውስጥ ይገባል። ይህን ከሁሉ በላይ ያሳየኝ በ1997 የታተመ የኢሊኖይ ጥናት ነው። ሪቻርድ ዴቪድና ጄምስ ኮሊንስ ከ1980 እስከ 1995 የተወለዱ ሕፃናትን ክብደት አነጻጸሩ። የነጭ አሜሪካውያን ልጆች አማካይ 3,446 ግራም ነበር። አፍሪካ የተወለዱ ጥቁር እናቶች ልጆች 3,333 ግራም። አሜሪካ የተወለዱ ጥቁር እናቶች ልጆች 3,089 ግራም። ጉዳዩ የአፍሪካ ዘረመል ቢሆን ኖሮ አፍሪካ የተወለዱት እናቶች ልጆች ከሁሉም ባነሱ ነበር፤ ምክንያቱም ጥቁር አሜሪካውያን በአማካይ የአውሮፓ ቅልቅል አላቸው። የሆነው ተቃራኒው ነው። ስደተኞች ብዙ ጊዜ ከአገራቸው የሚወጡት ጤነኞቹና የተማሩት ናቸው፤ ይህም ድርሻ አለው። ግን እነዚያው ተመራማሪዎች በ2002 ሌላ ነገር አሳዩ። ከአፍሪካና ከካሪቢያን የመጡ ሴቶች ልጆች አሜሪካ አድገው ሲወልዱ የሕፃናቱ ክብደት ወረደ። ከአውሮፓ በመጡት ዘንድ ከትውልድ ወደ ትውልድ ክብደት ጨመረ።

እዚህ አገር ልጅ የወለድን ሁሉ ይህን ቁጥር ልናውቀው ይገባል። ከቦሌ ስንነሳ ጥቁር ብሎ የሚጠራን የለም። ዳለስ ስንደርስ ጥቁር ነን፤ ልጆቻችን ደግሞ ያንን ኑሮ ከሕፃንነት ጀምረው ይኖሩታል። መምህርትሽ «ይወስናል» ስትል ይህን ማለቷ ነው።

ኢኮኖሚስቶች ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነገር ይዘው ይሠራሉ። በ2004 በታተመ ጥናት ቦስተንና ቺካጎ ውስጥ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች 5,000 ገደማ የተፈጠሩ ሲቪዎች ተላኩ። ልዩነታቸው ስም ብቻ ነው፤ ኤሚሊ ወይም ላኪሻ። የነጭ ስም ያለው 50% ያህል የበለጠ ተደወለለት። እዚህ ሬስ ማለት ወረቀት ላይ ያለ ስም ነው። ቆዳም፣ ዘረመልም፣ ሰውም የለም። መድልዎው ግን በደንብ ተለካ።

አሁን ያንቺ ሙያ ይቀረኛል፤ አልጋው አጠገብ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። ሕክምና ውስጥ ሬስ ብዙ ጊዜ የሌላ ነገር ተወካይ ሆኖ ነው የሚገባው። ስለዚህ ቻርት ላይ ስታዪው የማንን ቦታ ይዞ እንደገባ ፈልጊ። የጣት ኦክስጅን መለኪያውን ውሰጂ። መሣሪያው ብርሃን በቆዳ ውስጥ አሳልፎ ነው የሚያነበው። በ2020 የወጣ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96% ያነበበላቸውን ታካሚዎች ደም በቀጥታ ለካ። ከጥቁር ታካሚዎች 11.7% የሚሆነው ንባብ፣ ከነጮቹ 3.6% የሚሆነው፣ እውነተኛው ኦክስጅን ከ88% በታች የነበረበት ነው። እዚህ ዋናው ነገር የቆዳ ቀለም ነው። ቻርቱ «እስያዊ» የሚለው ጠቆር ያለ የታሚል ሰው ላይም መሣሪያው ሊሳሳት ይችላል። መሣሪያው 93 እያለ ሰውዬው ካጣጣረ፣ ቆዳውን አይተሽ ከደም ወሳጅ ቧንቧ (አርተሪ) የሚወሰድ ምርመራ ይታዘዝ በይ። ፎርሙ ላይ የተሞላውን ሳጥን ማየት እዚህ አይጠቅምሽም።

ኮዴይን ደግሞ በሌላ በኩል ነው። ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ኮዴይንን ወደ ሞርፊን ይለውጣል። አንዳንድ ሰው የዚህ ኢንዛይም ጂን ከሁለት በላይ ቅጂ አለው፤ ሞርፊኑ በፍጥነትና በብዛት ይመረታል። በ1996 ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ውስጥ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ኢትዮጵያውያንን ሲመረምሩ 29% ያህሉ ይህ ትርፍ ቅጂ ያላቸው ሆነው ተገኙ። በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ከ10% በታች ነው። ልብ በይ፤ ቻርቱ ላይ «ጥቁር» ብቻ ከተጻፈ ይህ ልዩነት ይጠፋል። ከእኛ የሚቀርቡት ቁጥሮች የሰሜን አፍሪካና የአረብ አገሮች ናቸው። በ1997ቱ ደንብ አንዳንዶቹ «ነጭ» ይባሉ የነበሩት ማለት ነው። ሬሱ እዚህ አይረዳሽም፤ የትውልድ አገሩ ግን ጥሩ ፍንጭ ነው። ለዚህ ነው ፎርሙ ላይ «ኢትዮጵያዊ» ብለሽ ጻፊ ያልኩሽ።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ2017 ጀምሮ ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንዳይሰጥ አድርጓል። የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት መክሯል፤ ሞርፊኑ በወተት ወደ ሕፃኑ ስለሚያልፍ። ትራማዶልም በዚያው ኢንዛይም ስለሚያልፍ ያው ማስጠንቀቂያ አለው። ከቀዶ ሕክምና የወጣች ሐበሻ ታካሚ ካጋጠመችሽ ከየት እንደመጣች ጠይቂያት። ከዚህ በፊት ኮዴይን ወይም ትራማዶል ወስዳ ከልክ በላይ ድብታ ወይም የትንፋሽ መዘግየት አጋጥሟት እንደሆነም ጠይቂ። የምትነግርሽን ቻርቱ ላይ አስፍሪ፣ ሐኪሙ ሌላ ማስታገሻ እንዲያስብ ንገሪው። የጂን ምርመራው ራሱም አለ፤ ጥርጣሬ ካለ እንዲታዘዝላት መጠየቅ ትችያለሽ።